የጭንቅላት ጉዳት ጥናቴ ካርድ ላይ ቆመ፤ የሚያውቅ ይርዳኝ
ሰላም ጎበዝ፣ ጎንደር ነኝ። የማስተርስ ጥናቴ በጭንቅላት ጉዳት ላይ ነው፤ ከባጃጅ የወደቀውም፣ በዱላ የተመታውም አለበት። ችግሬ የበሽተኞቹ የሕክምና ካርድ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ክራሽ-3 የተባለው የጭንቅላት ጉዳት ጥናት ዋና ትንተናው ትራኔክሳሚክ አሲድ (ደም መፍሰስን የሚቀንስ መድኃኒት) ላይ ሲሆን ያየውም ከአደጋው በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ ሕክምና የጀመሩትን ነበር፣ እኔ ያሉኝ ካርዶች ላይ ግን አደጋው የደረሰበት ሰዓት የለም፤ «ማታ» ይላል አንዱ፣ እሱም ደህናው ነው። የበሽተኛውን ንቃት ከ3 እስከ 15 የሚለካው ግላስጎው ኮማ ስኬልም ብዙዎቹ ላይ አልተሞላም፣ «ሴሚ ኮንሸስ» (ከፊል ንቁ) ብለው አልፈውታል። አማካሪዬ መረጃ የጎደለውን ካርድ ከጥናቱ አውጣው ይለኛል። ባወጣው ግን ክፉኛ የተጎዱት አብረው እንዳይወጡብኝ ፈራሁ፤ በዚያ ጥድፊያ ማን ቁጭ ብሎ ቁጥር ይሞላል? መልቲፕል ኢምፒዩቴሽን (የጎደለን መረጃ በግምት ደጋግሞ የመሙያ ዘዴ) በኤስፒኤስኤስ፣ በስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ፣ የሠራችሁ ካላችሁ አሳዩኝ። ወይስ ቤተሰብ ጋ ደውዬ ሰዓቱን ልጠይቅ? ለዚያስ ሌላ የኤቲክስ ፈቃድ ያስፈልጋል?