መናኸሪያ ላይ የተያዘች ልጅ ለማን ትሰጥ?

ለክርክር የቀረበው፦ ሊድሯት ሲሉ ከገጠር ጠፍታ ደሴ መናኸሪያ ከደላላ ጋር የተገኘች ልጅ ወዲያውኑ ለወላጆቿ ትሰጥ ወይስ አትሰጥ?

የሰኞ ገበያ ነጋዴ፦ ትሰጥ እንጂ! ልጅ የወላጇ ናት። ደላላው በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ሊያሻግራት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ባሕር ነው። ከዚያ ሁሉ የእናቷ ጎጆ አይሻላትም?

የ11ኛ ክፍል ተማሪ (ደሴ)፦ ጋሼ፣ ደላላውን እኔም እፈራዋለሁ። ግን ከምን ስትሸሽ ነው እጁ የገባችው? ስምንተኛ ክፍል አብራኝ የተማረች ልጅ መናኸሪያ ላይ ተይዛ፣ «ተረፈች» ተብሎ በማግስቱ ለአባቷ ተሰጠች። የሠርጉ በሬ ግን ቀድሞ ተገዝቶ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ኒካሕ ታሰረ። የሒሳብ ደብተሯ እስካሁን እኔ ዘንድ ነው።

ጡረተኛ ፖሊስ (ኮምቦልቻ)፦ ልጄ፣ ሕጉን አጥተነው አይደለም። ጋብቻ ከ18 ዓመት በታች አይፈቀድም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648፣ ያገባት ሰው ልጅቷ 13 ዓመት ከሞላት እስከ 3 ዓመት፣ ካልሞላት እስከ 7 ዓመት ይታሰራል። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት የላትም፤ አባቷ «19 ዓመቷ ነው» ይላል፤ ጎረቤቱም ይምልለታል። ማደሪያ አጥተን ጣቢያ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ያሳደርናቸው ልጆችም ነበሩ።

ተማሪዋ፦ እኔን የሚያንገበግበኝ ያ 19 ነው! አባት ለሠርጉ ሲል የጨመረውን ዕድሜ ደላላው ለፓስፖርት ይጠቀምበታል። አንድ የሐሰት መታወቂያ ሙሽራውንም አሻጋሪውንም ያገለግላል። በሰው መነገድን በሚከለክለው አዋጅ 1178/2012 የሕፃን «እሺ» ማለት አዘዋዋሪውን ነጻ አያወጣውም፤ በወረቀት አዋቂ ካደረጓት ግን ማን ሕፃን ይላታል?

የሦስት ልጆች እናት (ኮምቦልቻ)፦ እኔ የተዳርኩት በ15 ዓመቴ ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ይፈቅድ ነበር። አባቴ ጠልቶኝ አልነበረም፤ ስሟ ሳይጠፋ ትዳር ብሎ ነው። ቢሆንም ለልጄ አልመኘውም። አንዲት ጠፍታ የመጣች ልጅ ቤቴ ባስጠጋ ዘመዶቿ በሌሊት በሩን ሊሰብሩት ደረሱ። ስለዚህ «አትመለስ» ማለት ቀላል ነው፤ ማስጠለሉ ነው ከባዱ።

ተማሪዋ፦ እትዬ፣ ከቶ አትመለስ አላልኩም። አባቷ በሌለበት ሴት ፖሊስ ብቻዋን ትጠይቃት፤ ሐኪም ዕድሜዋን ይገምት፤ ከዚያ አባትየው «ልጄ ከ18 ዓመት በታች ናት፣ አልድራትም» ብሎ በዋስ ይፈርም።

ነጋዴው፦ ፈርሞ ቢድራትስ? ፊርማ ሠርግ ያስቀራል?

ተማሪዋ፦ ላያስቀር ይችላል። ግን ሁለተኛ 19 ናት ማለት አይችልም፤ ዕድሜዋን በገዛ እጁ ጽፎታል።

ጡረተኛው ፖሊስ፦ ለዐቃቤ ሕግ ይህ ይጠቅማል። እኛ ስናስፈርም «በሰላም ተረከብኩ» ብቻ ነበር የምንለው።

እናቲቱ፦ ፊርማውስ ይሁን። ሐኪሙም ገምቶ፣ ዋሱም እስኪመጣ ስንት ቀን ነው? እስከዚያ የት ትደር?