የእግዚአብሔርን ቤት የማጸዳ ነኝ፤ መፍራቱ ጠፋብኝ

ጠያቂ፦ የቅዳሜዋ

ቅዳሜ ቅዳሜ የጸሎት ቤታችንን ማጽዳት ከጀመርኩ 4 ዓመት ሊሞላኝ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ባዶው አዳራሽ ስገባ በእግሬ ጣት ነበር የምራመደው፤ ባልዲው ወለሉን ሲነካ እንኳ ይሰቀጥጠኝ ነበር። አሁን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ አትሮንሱን እንደ ማንኛውም ጠረጴዛ እወለውለዋለሁ።

ያለፈው ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር በስልክ ስለ ብድር ስንጨቃጨቅ፣ ክርኔን አትሮንሱ ላይ ተደግፌ «አንተ ውሸታም!» ብዬ ጮህኩ። ዞር ስል መጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ሴት ተንበርክካለች። ቀና ብላ አየችኝ፣ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ምንም አላለችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የለመዱትን ነገር እንደገና ማክበር ይቻላል? ደግሞ እግዚአብሔር በሁሉም ስፍራ አለ እንላለን አይደል፤ ታዲያ በዚያው ሳምንት እቤቴ፣ ወጥ ቤት ቆሜ ወንድሜን እንዲያው ስሰድበው ለምን አላፈርኩም? እንቅልፍ የነሳኝ ይሄኛው ነው።

መልስ፦ አሮጌው አንባቢ

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሳነብ ዖዛ ትዝ አለኝ። ታቦቱን ነክቶ መቀሠፉን ሁላችንም እናውቃለን፤ የማን ልጅ እንደሆነ ግን ልብ አንለውም። የአሚናዳብ ልጅ ነው፤ ታቦቱ በቂርያትይዓሪም ቢያንስ 20 ዓመት የተቀመጠው ደግሞ እዚያው አሚናዳብ ቤት ነው። ለሌላው ሰው የሚያስፈራው ነገር ለዖዛ የአባቱ ቤት ዕቃ ሆኖበት ይሆናል። ሕጉ በመሎጊያ፣ በትከሻ ተሸከሙት ይላል፤ እነሱ ሠረገላ ላይ ጫኑት። ክፋት አይመስለኝም፣ መልመድ ነው።

ከዚያ ታቦቱ ወደ አቢዳራ ቤት ገባ። 3 ወር ቆየ፤ ቤቱ በሙሉ ተባረከ ተብሎ ተጽፏል። መቼም እዚያ ቤት እሳት ይነድዳል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ባልና ሚስት ይነታረካሉ። ያው ታቦት እኮ ነው! እኔ ስለ ወጥ ቤትሽ የማስበው ከዖዛ ይልቅ በአቢዳራ በኩል ነው።

መልስ፦ ቀጥታ ተናጋሪ

አታካብዱት። ሰሎሞን ራሱ ቤተ መቅደሱን በመረቀበት ቀን፣ ሰማየ ሰማያት ይይዝህ ዘንድ አይችልም ብሏል። አትሮንስ እንጨት ነው። እህቴ፣ የሚያሳፍረው ወንድምሽን መስደብሽ ነው። ደውለሽ ይቅርታ ጠይቀሽዋል?

መልስ፦ እኔም ጠራጊ ነበርኩ

ከላይ ያለው ወንድሜ ስለ ስድቡ ልክ ነው። ሰሎሞንን ግን ከመሃል ቆረጥከው፤ ያንን ብሎ ሳይጨርስ፣ ዓይኖችህ ሌሊትና ቀን ወደዚህ ቤት የተገለጡ ይሁኑ ብሎ ይለምናል።

እህቴ፣ ዘሌዋውያን 6ን አንብቢ። ካህኑ ከመሠዊያው ላይ አመድ የሚያነሣው የተልባ እግር ልብሱን ለብሶ ነው። ከዚያ ልብሱን ለውጦ አመዱን ከሰፈር ውጭ ያወጣዋል። አመድ ለመዛቅ ንጹሕ ልብስ! እኔ ብሆን ያለኝን አሮጌ ልብስ ነበር የምፈልገው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ለጽዳት ብቻ የምለብሰው አንድ ሸሚዝ ለየሁ። ስሜቱ ሁልጊዜ ይመጣል ብዬ አልዋሽሽም፤ ሸሚዙን ስቆልፍ ግን ወዴት እንደምገባ አስታውሳለሁ። ስልኩን ደግሞ በር ላይ ተይው፣ በእግዚአብሔር!

ጠያቂ፦ የቅዳሜዋ

ደወልኩለት። አላነሳም፤ ማታ ዕቃ ሳጥብ መልሶ ደወለ። ብድሩ ላይ አሁንም አልተስማማንም፣ ስለ ስድቡ ግን ይቅርታ ጠየቅኩት። እያወራን ክርኔን ጠረጴዛው ላይ መደገፌን ሳይ ቶሎ አነሳሁት፤ ብቻዬን ሳቅኩ።

አባባ፣ የአሚናዳብን ነገር ስንት ጊዜ አንብቤው እንዳለፍኩ አልነግርዎትም።

ዛሬ ስልኬን እቤት ትቼ ሄድኩ። ያ የድሮው መሰቅጠጥ አልተመለሰም፤ እጄ ሲያስቸግረኝ ዋለ፣ በየደቂቃው ኪሴን ይፈልጋል። ሴትዮዋ አልመጣችም። የነበረችበትን ወንበር ሁለት ጊዜ ወለወልኩት።