ደጋግሞ የሚመለስ የብልት ፈሳሽ እርግዝናን ይከለክላል?

ልጅ ናፋቂ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ልጅ ለመውለድ መሞከር ከጀመርን ዓመት አልፎናል። ሽታ ያለው ስስ ፈሳሽ ስላስቸገረኝ ተመርምሬ «ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ነው» ተባልኩ። ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን አንቲባዮቲክ ለሰባት ቀን ወስጄ ጨረስኩና ጠፋ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ተመለሰ። ንጽሕና ጎድሎኝ ይሆናል በማለት ውስጡን በሳሙና እታጠባለሁ። ያላረገዝኩት በዚህ ምክንያት ይሆን? ባለቤቴስ መታከም አለበት? አንድ ክሊኒክ ደግሞ ከማሕፀኔ ናሙና ወስዶ የባክቴሪያዎቹን ዘረመል ልመርምር ይለኛል፤ ክፍያው ግን ከበደኝ።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ውስጥሽን በሳሙና መታጠብ ዛሬውኑ አቁሚ።

ሥራዬ እንዲህ ያሉ ናሙናዎችን በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። በጤናማ ናሙና ላይ ወፈር ያሉ ሐምራዊ ዘንጎች ተበትነው ይታያሉ። እነዚህ ጀርመናዊው ሐኪም አልበርት ዶደርላይን እ.ኤ.አ. በ1892 የገለጻቸው፣ ዛሬ ላክቶባሲለስ የምንላቸው ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በብልት ግድግዳ ላይ ግላይኮጅን የተባለ የስኳር ክምችት እንዲኖር ያደርጋል፤ እነርሱም ከዚያ የሚገኘውን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ4.5 በታች (አሲዳማ) ሲሆን አብዛኞቹ ጎጂ ባክቴሪያዎች መራባት ያቅታቸዋል። እንደ አንቺ ባለው ናሙና ላይ ግን ዘንጎቹ ጠፍተው፣ ሕዋሳቱ ጠርዛቸው እስኪደበዝዝ ጋርድነሬላ በተባለው ባክቴሪያና በመሰሎቹ ተሸፍነው አገኛለሁ። በማይክሮስኮፕ ላየነው የባክቴሪያ ሚዛን የምንሰጠው ነጥብ ከ0 እስከ 10 ነው፤ 7 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቫጂኖሲስ እንላለን።

ይህ የቆሻሻነት ምልክት አይደለም። ሳሙናው የቀሩትን ላክቶባሲለሶች ጠርጎ ያወጣቸዋል። ብዙ ሴቶች በእፍረት እየታጠቡ ሲያባብሱት ማየት በጣም ያሳዝነኛል። ከውጭ በውኃ መታጠብ ይበቃል።

ቫጂኖሲስ እያለባቸው የሚያረግዙ ብዙ ሴቶች አሉ። መውለድ በዘገየባቸው ሴቶች ላይ በብዛት መገኘቱ እውነት ነው፤ የመዘግየቱ ምክንያት እርሱ ነው ለማለት ግን ያ ብቻውን አይበቃም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ አብሮት ሊመጣ የሚችለው ነው። ቫጂኖሲስ ያለባትን ሴት በግብረ ሥጋ የሚተላለፉት ክላሚዲያና ጨብጥ በቀላሉ ይይዟታል። እነርሱም አንዳች ሕመም ሳያሰሙ ወደ ላይ ወጥተው በማሕፀን ቱቦዎች ላይ ጠባሳ ሊተዉ ይችላሉ። ጠባሳውን አንቲባዮቲክ አያድነውም። ለእነዚህ ሁለቱ ተመርምረሽ እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ። ቱቦዎቹ ክፍት መሆናቸውን የሚያሳየው ራጅ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ኢንፌክሽን እያለ ከተነሣ የሚረጨው ፈሳሽ ባክቴሪያውን ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል።

የማሕፀን ሐኪም

ስለ ባለቤትሽ ልጨምር። ቀደም ያሉት ሙከራዎች ጥቅም ስላላሳዩ ለዓመታት ወንዱን አናክምም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ከአውስትራሊያ የወጣው ጥናት ግን የእኔን አሠራር ለውጦታል። ወንዶቹ ለ7 ቀናት ሜትሮኒዳዞል እየዋጡ ብልታቸውን የክሊንዳማይሲን ክሬም ሲቀቡ፣ በ12 ሳምንታት ውስጥ በሽታው የተመለሰባቸው ሴቶች 35 በመቶ ነበሩ። ሴቷ ብቻ በታከመችበት ቡድን 63 በመቶ ደርሷል። ስለዚህ አብራችሁ ታከሙ። እግረ መንገዱንም የዘር ፈሳሹ ይመርመር፤ መውለድ ካቃታቸው ጥንዶች ግማሽ በሚሆኑት ላይ የወንዱም ችግር ድርሻ አለው።

ልጅ ናፋቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ እሺ ብሏል፤ ሁለታችንም ቀጠሮ ይዘናል። የማሕፀኑን ምርመራስ ምን ትሉኛላችሁ?

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ

እኔ ብሆን አሁን አላደርገውም። ተስፋ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2016 ከስፔን የወጣ ጥናት ነው። በማሕፀናቸው ካሉት ባክቴሪያዎች ከ90 በመቶ በላይ ላክቶባሲለስ የሆነላቸው ሴቶች፣ በላቦራቶሪ የተዘጋጀ ጽንስ ሲተላለፍላቸው ይበልጥ ቀንቷቸዋል። የተጠኑት ግን 35 ሴቶች ብቻ ነበሩ። ማሕፀን ውስጥ ያለው ባክቴሪያ እጅግ ጥቂት ነው፤ ናሙና መውሰጃው ደግሞ የሚያልፈው በብልትና በማሕፀን ጫፍ በኩል ነው። በመንገዱ የነካውን ይዞ ቢወጣ፣ ውጤቱ የማሕፀን ይሁን የብልት እኔም ሆንኩ ሌላ ባለሙያ በእርግጠኝነት መለየት ይቸግረናል።

ገንዘቡን ለራጁና ለባለቤትሽ ምርመራ አውይው። ካረገዝሽ በኋላ ፈሳሹ ቢመለስ ግን ዝም እንዳትይ። ቫጂኖሲስ ያለ ጊዜ ከመውለድ ጋር ግንኙነት አለው፤ በእርግዝና ጊዜም መታከም ስለሚቻል ለሚከታተልሽ ሐኪም ወዲያውኑ ንገሪ።