የደህንነት ኮሚቴው ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ ማኅበሩ ከየት ይጀምር?

ታቦር ግርጌ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ ባለ አንድ ጋርመንት ፋብሪካ የሠራተኛ ማኅበራችን ተመዝግቦ ለኅብረት ስምምነት ድርድር እየተዘጋጀ ነው። የሙያ ደህንነትና ጤንነት ኮሚቴ አለ ይባላል፣ ተሰብስቦ ግን አያውቅም። ካቲንግ ክፍል (ጨርቅ በቢላ ማሽን የሚቆረጥበት) የብረት ጓንት የሚያደርግ የለም፤ ላይን (የስፌት መስመር) ላይም የጣት መከላከያቸው የወለቀ ማሽኖች ብዙ ናቸው። አስተዳደሩ «የሚያወልቀው ሠራተኛው ራሱ ነው» ይላል። ምን እንጠይቅ?

ካቲንግ፦
ለምን እንደሚወልቅ ሳታጣሩ ቅጣት እንዲጻፍ አትስማሙ። የብረት ጓንት የሚደረገው ማሽኑን በሚገፋው እጅ ሳይሆን ጨርቁን በሚይዘው እጅ ነው። ትልቅ ቁጥር ብቻ ከመጣ ጣቱ ጫፍ ላይ ይተርፋል፣ ጨርቅ መያዝ ያስቸግራል፤ ያኔ ማንም ያወልቀዋል። ስለዚህ «ጓንት ይቅረብ» ብቻ ሳይሆን «በየሠራተኛው እጅ ልክ ይቅረብ» ብላችሁ አስጽፉ። የቢላው ጋርድ (መከላከያ) ደግሞ ከተነጠፈው ጨርቅ በላይ 1 ሳንቲሜትር ያህል ድረስ ዝቅ ማለት አለበት። የንጣፉ ቁመት በተለወጠ ቁጥር ካልተስተካከለ ቢላው ተገልጦ ይቀራል። ቢላ ሲቀየርም ማጥፊያውን መጫን አይበቃም፣ ሶኬቱ ይነቀል።

የስፌት ማሽኑ ጉዳይ ግን ከታርጌት (በሰዓት እንዲደረስበት ከተወሰነው የምርት መጠን) ጋር የተያያዘ ነው። የጣት መከላከያው ክር ሲገባና መርፌ ሲቀየር እጅ ይከለክላል፤ የሰዓቱ ምርት እንዳይጎድልባት ኦፕሬተሯ ታወልቀዋለች፣ ሱፐርቫይዘሩም አይቶ ያልፋል። እኔ ብሆን ከሁሉ አስቀድሜ የማስገባው ይህን ነው፦ መከላከያ የሌለው ማሽን ይቁም፣ መካኒክ እስኪያስተካክለው የቆመበት ደቂቃም ከታርጌቱ ይቀነስ።

አንቀጽ 92፦
ኮሚቴ ማቋቋም የአስተዳደሩ ችሮታ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የአሠሪው ግዴታ ያደርገዋል። መከላከያ ማቅረብና አጠቃቀሙን ማሳየት፣ አደጋ መመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ማሳወቅም እዚያው ተጽፏል። ድርድሩ መጨመር ያለበት አዋጁ በዝርዝር ያላስቀመጠውን ነው፦ ኮሚቴው በወር ስንት ጊዜ እንደሚሰበሰብ፣ የማኅበሩ ተወካዮች በሥራ ሰዓት ደመወዛቸው ሳይነካ ወለሉን እንደሚዞሩ፣ ለቃለ ጉባኤው አስተዳደሩ በስንት ቀን በጽሑፍ እንደሚመልስ።

ታቦር ግርጌ፦
አመሰግናለሁ። ትንሽ ጉዳት፣ ለምሳሌ መርፌ ጣት ሲወጋ፣ ክሊኒክ ታስሮ ይመለሳል እንጂ አይመዘገብም። እሱስ?

አንቀጽ 92፦
ይመዝገብ እንጂ! ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የማሽኑ ቁጥር፣ መከላከያው የነበረበት ሁኔታ፣ ያየ ሰው፤ ቅጂው ለተጎጂውና ለማኅበሩ ይሰጥ። ቁስሉ ቆይቶ ቢያመረቅዝ ያለ መዝገብ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት መሆኑን ማስረዳት ይከብዳል። ለጊዜያዊ ጉዳት የሚከፈለው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በሚቀጥሉት 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ነው። ይህ ዝቅተኛው ስለሆነ በኅብረት ስምምነት ከፍ ማድረግ ትችላላችሁ።

ካቲንግ፦
አንድ ልጨምር። የተሰበረ መርፌ ቁርጥራጩ ሁሉ ተፈልጎ መዝገብ ላይ ይለጠፋል፤ ገዢዎች ብረት ልብስ ውስጥ እንዳይቀር ስለሚፈልጉ ይህ መዝገብ በጥንቃቄ ይያዛል። የመርፌውን መዝገብ ከክሊኒኩ መዝገብ ጋር አስተያዩት፤ መርፌ ደጋግሞ የሚሰበርበት ማሽን የትኛው እንደሆነ ያሳያችኋል።