የዕቅድ ውይይት፦ ስለ ወንድ ሕፃን ግርዛት ለወላጆች በአማርኛ የሚዘጋጅ ገጽ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ለቦርዱ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እንጨርሰው። በዋሽንግተንና አካባቢዋ ለሚወልዱ ቤተሰቦቻችን፣ ስለ ወንድ ልጅ ግርዛት ሐኪም ያየው አንድ የአማርኛ ገጽ ድረ ገጻችን ላይ ይኑር ነው የምንለው። አሁን ኢንተርኔት ላይ ያለው ነገር ወላጅን ግራ ያጋባል። በእንግሊዝኛ ሲፈለግ አንዱ ካላስገረዛችሁ ብሎ ያስፈራራል፣ ሌላው ካስገረዛችሁ ብሎ። በአማርኛ ሲፈለግ ደግሞ በብዛት የሚመጣው ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ነው። እሱ በኢትዮጵያም በአሜሪካም በሕግ የተከለከለ ነው፤ ገጹ ላይ በአንድ መስመር በግልጽ ይነገር። ርዕሱ ላይ ግን "የወንድ ሕፃን" የሚለው ይግባ።

ሲስተር፣ ከማዋለጃ ክፍል፦
ረቂቁ ላይ ያጣሁት ጊዜው ነው። ልጁ በተወለደ በማግስቱ ፎርም ይመጣል። እናት ደክማለች፣ አባት እንቅልፍ አጥቷል። "ይገረዝ?" ተብለው ሲጠየቁ ብዙዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመክሩት ያኔ ነው። 8ኛውን ቀን የሚጠብቁት ቤተሰቦች ችግር ደግሞ ይብሳል። ሆስፒታሉ በ1 ወይም በ2 ቀን ያስወጣቸዋል፣ ቀጠሮ ሳይዙ ቤት ይገባሉ። ከዚያ የሚገርዝ ሐኪም ፍለጋ መሯሯጥ ነው። ጥቂት ሳምንት ካለፈ ብዙዎቹ በክሊኒክ አይሠሩትም፤ ሙሉ ማደንዘዣ ይመጣል፣ ወጪውም ሌላ ነው። ስለዚህ ገጹ ለነፍሰ ጡር እናት መድረስ አለበት። ኢንሹራንስ የሚጠየቀውም ያኔ ነው፤ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ የመንግሥት የጤና መድን) የማይከፍልባቸው ስቴቶች አሉ።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ስለ ሕመሙስ ምን እንጽፋለን? እኛ ቤት "ሕፃን ነው፣ ቶሎ ይረሳዋል" ነበር የሚባለው።

ሲስተር፦
ያመዋል። ይህ መሸፋፈን የለበትም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው አቋም በቂ የሕመም ማስታገሻ የግድ ነው ብሏል። ቦታውን ብቻ የሚያደነዝዝ መርፌ አለ፣ ቅባትም አለ። ስኳር ውኃ ማጥባት ብቻውን አይበቃም። ወላጅ ሐኪሙን በድፍረት ይጠይቅ፦ ማደንዘዣው ምንድን ነው? የሚሠራው ማን ነው? ልምዱስ? የቫይታሚን ኬ መርፌ መወጋቱም ይረጋገጥ፣ ደም እንዳይፈስ የሚረዳው እሱ ነው። በቤተሰቡ ውስጥ ደም አልቆም የሚለው ሰው ካለ አስቀድሞ ይነገር። የሽንት ቀዳዳው ቦታውን የሳተ ልጅ ደግሞ አይገረዝም፤ ቆዳው ለማስተካከያው ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል።

አባት ከአሌክሳንድሪያ፦
እኔና ባለቤቴ ልጃችንን አላስገረዝንም። ገጹ እኛንም ያካትታል?

ጋሼ፣ ከሽማግሌዎች ኮሚቴ፦
ልጄ፣ ውሳኔህን አከብራለሁ። ግን አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ10 ወንዶች 9ኙ የተገረዙ ናቸው። ማኅበሩ ራሱ "ተዉት" የሚል እንዳይመስል እፈራለሁ።

ቀሲስ፦
ጋሼ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ቤተ ክርስቲያናችን የጌታን ግዝረት ጥር 6 ታከብራለች፣ ምእመናንም በ8ኛው ቀን ያስገርዛሉ። ነገር ግን ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ፣ ግዝረትን የምንፈጽመው እንደ አገር ልማድ እንጂ እንደ ኦሪት ሕግ አይደለም ብለዋል። ልጅን ክርስቲያን የሚያደርገው የ40 ቀኑ ጥምቀት ነው። ስለዚህ ያላስገረዘ ወላጅ በእኛ ገጽ ላይ መሸማቀቅ የለበትም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እኔም በዚህ እቆማለሁ። ሁለቱንም የሐኪሞች አቋም ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የአሜሪካው አካዳሚ በ2012 ጥቅሙ ከጉዳቱ ያመዝናል፣ ሆኖም ለሁሉም ሕፃን ይደረግ የሚያሰኝ አይደለም፣ ውሳኔው የወላጅ ነው አለ። የካናዳ ሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2015 ለሁሉም ሕፃን እንደ ደንብ እንዲደረግ አልመከረም። ግርዛት ወንዱ በኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉን 60 በመቶ ይቀንሳል የሚባለውም እውነት ነው፤ ግን በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ በአዋቂ ወንዶች ላይ የተጠና ነው። አገር ቤት ጋምቤላ ላይ ወንዶችን የመግረዝ ፕሮግራም የተጀመረውም በዚያ ምክንያት ነው። ጥናቱ የአዋቂዎች መሆኑ ካልተነገረ ቁጥሩ ሰው ያሳስታል።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ዳይፐር የምትቀይረው ብዙ ጊዜ አራስ ልትጠይቅ ከአገር ቤት የመጣችው አያት ናት። እሷ ድረ ገጽ አትከፍትም። የእንክብካቤው ክፍል በድምፅ ተቀርጾ በቴሌግራም ይላክ።

ሲስተር፦
በጣም ጥሩ! በድምፁ የምለው ይህን ነው። ቫዝሊን ይቀባል፤ ቅቤም ዱቄትም አይነካውም። በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ቢጫ ነገር ይሸፍነዋል። መግል አይደለም፣ እየዳነ ነው፣ እንዳይፈቀፈቅ። ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ይድናል። ደሙ ካልቆመ፣ 12 ሰዓት ሙሉ ካልሸና፣ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ወይም መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ላልተገረዘውም አንድ መስመር ይኑር፦ ከውጭ ይታጠባል፣ ቆዳው በኃይል ወደ ኋላ አይሳብም።

ጋሼ፦
እንዲህ ከሆነ እኔም እፈርማለሁ። ፈቃድ የሌለው ሰው ቤት ጠርቶ ማስገረዝ እንደማይገባ ግን በደማቁ ይጻፍ። ይህን ለሽማግሌዎቹ እኔው እነግራለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ተስማምተናል። ቀሲስ የ8ኛውን ቀን አንቀጽ ይጻፉልን፤ ሲስተር ድምፁን ትቅረጽ። የአሌክሳንድሪያው ወንድማችን ያላስገረዙ ወላጆችን ክፍል ይጀምር። የቀረን ጽሑፉን በነፃ የሚያይልን የሕፃናት ሐኪም ነው። የምታውቁት ካለ እስከ እሑድ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።