ጀሶው ከተፈታ በኋላ እጄ ባሰበት፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ከአምስት ወር በፊት ደረጃ ላይ አዳልጦኝ የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረ። ጀሶው በስድስት ሳምንቱ ተፈታ። በራጅ ሲታይ አጥንቱ ገጥሟል። ሕመሙ ግን ጭራሽ ባሰበት። እንደ እሳት ያቃጥለኛል። የሹራቤ እጅጌ ሲነካኝ እንኳ እዘላለሁ። እጄ አንዴ ቀልቶ ይግላል፣ አንዴ ጠቁሮ ይቀዘቅዛል። ያብጣል፣ ያልበዋል። እንጀራ መቁረስ አቅቶኝ በግራዬ ነው የምበላው (እናቴ ፊት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም)።

አንድ የነርቭ ሐኪም ሲአርፒኤስ የሚባል፣ ከጉዳት በኋላ ከሚጠበቀው በላይ የሚብስና የሚቆይ ሕመም ነው አሉኝ። በደም ምርመራ አይለይም፤ ምልክቱ ታይቶ ነው የሚታወቀው። ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን የሚባል ለነርቭ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት እወስዳለሁ። እንቅልፍ ሰጠኝ እንጂ ቃጠሎው እዚያው ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ ደግሞ እጄን መጀመሪያ በጥጥ፣ ቀጥሎ በፎጣ እያሻሸሁ እንዳለማምደው ነገረችኝ። በመስታወትም የጤነኛውን እጄን ምስል እያየሁ ሁለቱን እንዳንቀሳቅስ። ዘመዶቼ ወጌሻ ጋ ሂድ ይላሉ፤ እሱን እንኳ አልደፍርም።

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው፦ ካንቀሳቀስኩት ማታ ያብጣል፣ ከተውኩት ይደርቃል። ልኩ የቱ ጋ ነው? በመስታወቱ የተሻለው ሰው ካለ፣ በቀን ስንቴ፣ ለስንት ደቂቃ ትሠሩ ነበር?