ድምፁ ስል ለሆነና በጥቂት ዋት ብዙ ለሚያሰማ ስፒከር የትኛው አምፕሊፋየር ይስማማል?

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሆጤ)
ሰላም ለሁላችሁ። ለሳሎኔ ሁለት ያገለገሉ ትልልቅ ስፒከሮች ገዝቻለሁ። ከጀርባቸው 8 ኦም፣ 98 ዴሲቤል የሚል ተጽፎባቸዋል፤ ትዊተራቸውም (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) ጡሩምባ መሰል ሆርን ነው። ማሲንቆና ክራር በጣም ያምርባቸዋል፤ ነገር ግን ዘፋኟ «ሰ» እና «ሸ» ባለች ቁጥር ጆሮዬን ስለሚወጋኝ ረዘም አድርጌ ማዳመጥ አልቻልኩም። የማጫውተው በተውሶ አምፕ ነው። አሁን የቀረቡልኝ ሁለት ናቸው፦ አንዱ በየቻናሉ 100 ዋት የሚሰጥ አዲስ፣ ሌላው 25 ዋት ብቻ ያለው፣ ባስና ትሬብል ማስተካከያ ያለው አሮጌ የጃፓን ሥራ። ጓደኞቼ ትልቅ ስፒከር ትልቅ አምፕ ይፈልጋል ይሉኛል። እናንተስ ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ (ከኮምቦልቻ፣ የቴፕና የአምፕ ጥገና ባለሙያ)
ወንድሜ፣ የሳጥኑን ትልቅነት ይተዉትና ቁጥሩን ይመልከቱ። 98 ዴሲቤል ማለት ስፒከሩ 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ላይ የሚያሰማው መጠን ነው፤ 88 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር በ10 ዋት የሚያሰማውን የእርስዎ በ1 ዋት ያሰማል። ኃይል በእጥፍ ባደገ ቁጥር የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ፣ 100 ዋቱ ከ25ቱ የሚበልጠው በ6 ዴሲቤል ነው፤ ያንን ትርፍ ደግሞ ሳሎን ውስጥ አይጠቀሙበትም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያዳምጡት ከ1 ዋት በታች ስለሚሆን፣ አምፑ ሊመዘን የሚገባው በዚያች የመጀመሪያ ዋት ጥራት ነው። ባያሱ (ትራንዚስተሮቹ ድምፅ ባይኖርም በጥቂቱ በሥራ ላይ እንዲቆዩ የሚያደርገው ጅረት) በትክክል ያልተስተካከለ አምፕ ሞገዱን ከአንዱ ትራንዚስተር ወደ ሌላው ሲያሻግር የሚፈጥረው መዛባት በዝቅተኛ ድምፅ ላይ ይጎላል፤ ሆርን ደግሞ አይሸፍነውም።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ሁለቱንም በራስዎ ስፒከር ይሞክሩ። ዘፈን ሳይከፍቱ ጆሮዎን ወደ ሆርኑ ያስጠጉና የ«ሽሽ» ድምፁን ያዳምጡ፤ ከመቀመጫዎ ሆነው ከሰሙት አምፑን ይተዉት። ቀጥሎ የድምፅ ማስተካከያውን ከዜሮ በጥቂቱ ከፍ ያድርጉ። ወዲያው ቤቱን የሚሞላ ከሆነ፣ በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ የግራውና የቀኙ ድምፅ ብዙ ጊዜ እኩል ስለማይሆን ማታ ቀስ አድርጎ ማዳመጥ ያስቸግርዎታል።

መልስ (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)
ከአምፑ በፊት ቤቱን ይዩት። ግድግዳው ልስን፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱም ሰፊ መስታወት ከሆነ ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። ወፍራም ምንጣፍና መጋረጃ ያድርጉ፤ ሆርኖቹም በቀጥታ ወደ ጆሮዎ እንዳያነጣጥሩ ስፒከሮቹን ጥቂት ያዙሯቸው።

መልስ (ከኮምቦልቻ)
በትራንዚስተር ፈንታ በቲዩብ (አምፖል መሰል የመስታወት ክፍል) የሚሠራ አምፕስ? 300ቢ የተባለው ቲዩብ ብቻውን ሲሠራ የሚሰጠው 8 ዋት ያህል ነው፤ ለእርስዎ ስፒከር ይበቃል። እኔ እጅግ እወደዋለሁ።

መልስ (የጥገና ባለሙያው)
ኃይሉ እንደሚበቃ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ቲዩብ ሁልጊዜ ድምፅ ያለሰልሳል ማለት አይደለም። የብዙዎቹ የውፅዓት ኢምፒዳንስ (በኦም የሚለካው የማውጫው የውስጥ ተቃውሞ) ከፍ ያለ በመሆኑ፣ የስፒከሩ ኦም ከፍ በሚልበት ድግግሞሽ ላይ ድምፁም አብሮ ከፍ ይላል፤ ያ ቦታ ትሬብሉ ላይ ከወደቀ ችግሩ ይብስብዎታል።

ጠያቂው
ምንጣፍ አንጥፌ ስፒከሮቹን አዙሬያለሁ፤ «ሰ»ዋ ለዝባለች፣ ግን አልጠፋችም።

መልስ (የጥገና ባለሙያው)
እንግዲያው 25 ዋቱን ይውሰዱና ትሬብሉን በትንሹ ይቀንሱ። ካልበቃዎት ባለሙያ ከሆርኑ ጋር በሁለት ሬዚስተር ኤል-ፓድ ሠርቶ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ሊቀንስልዎ ይችላል። አምፑ አሮጌ ስለሆነ ግን ከስፒከሮችዎ ጋር ከማገናኘትዎ በፊት በስፒከር ማውጫው ላይ ያለውን ዲሲ ቮልቴጅ (ዘፈን ሳይኖር የሚወጣ፣ ስፒከር የሚጎዳ ቮልቴጅ) ያስለኩ፤ ከ100 ሚሊቮልት በላይ ካሳየ ሳይጠገን አያገናኙት።